ሁለት ነቀርሳ፣ አንድ ስም

ምዕራብ ጎጃም፣ ጅጋ ገበያ ላይ ስለ አንድ ሰው «ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል» ቢባል ሰሚው የሚረዳው ቲቢን ነው። ስለ አንዲት ሴት «የጡት ነቀርሳ ይዟታል» ቢባል ግን ያው ሰሚ ካንሰርን ይረዳል። ቃሉ አንድ፣ በሽታው ሁለት ነው። ቲቢ በተሕዋስያን የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚጋባ፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም በስድስት ወር የሚድን ነው። ካንሰር ከገዛ ራሳችን ሕዋስ የሚነሳ ነው፤ አይጋባም፣ ሥር ከሰደደ ግን ለመንቀል ያስቸግራል። ሳንባ ላይ ሲሆን ደግሞ ከስማቸው አልፎ ምልክታቸውም ይደባለቃል፤ የማይለቅ ሳል፣ ክሳት፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ።

እኔ የምተርከው ስለ ሁለተኛው ነቀርሳ ነው። ታሪኩን ከሩቅ መጀመር ግድ ይላል፤ ምክንያቱም የሳንባ ካንሰር ከመንስኤው ጋር አብሮ የሚታይ በሽታ አይደለም። ጭሱ በጎረምሳነት ይገባል፣ በሽታው በሽምግልና ይመጣል። በመካከል ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም አርባ ዓመት ያልፋል። ሳንባ ከውስጥ በኩል ሕመም የሚሰማው አካል ስላልሆነ ያን ዘመን ሁሉ ዝም ይላል። ስለዚህ ጭሱ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው በር እንደገባ ወደ ኋላ ሄዶ መቁጠር ይሻላል።

በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም.፣ ትምባሆ ማጨስም ሱረት መሳብም የተከለከለ ነበር። የሚያጨስ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል። ክልከላው ስለ ጤና ተብሎ የወጣ አልነበረም። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው የሚል አፈ ታሪክ በሕዝቡ ዘንድ ይነገር ነበር፤ ማጨስ የሃይማኖት ነውር ነበር። ጎጃምም ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እጅ ሆኖ ለዚሁ ዙፋን የሚገብር ሀገር ነበር። የሰው ከንፈር መቁረጥ ጭካኔ ነው፤ ማንም ሊመኘው አይገባም። ቅጣቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አለፈ፣ ነውሩ ግን ቀረ። ዛሬም በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚያጨስ ሰው ከካህን ፊት አያጨስም፤ ሽማግሌ ሲመጣ ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል። ስለ ሳንባ አንዳች ሳይታወቅ የተተከለው ያ ልማድ የብዙ ገበሬን ሳንባ ጠብቋል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዘመን በውጭው ዓለም ሁለት ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1879 ሄርቲንግና ሄሰ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በጀርመን ሽኔበርግ የማዕድን ቆፋሪዎችን ሬሳ መርምረው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት «የተራራ በሽታ» ሲባል የኖረው የሳንባ ዕጢ መሆኑን ጻፉ። መንስኤው ከድንጋዩ የሚወጣ ራዶን የሚባል ጨረራማ ጋዝ እንደሆነ የታወቀው ኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ ጄምስ ቦንሳክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሲጋራ የሚጠቀልል ማሽን በስሙ አስመዘገበ። በእጅ ሲጠቀለል የኖረው ሲጋራ ከዚያ ወዲህ በአንድ ማሽን በቀን ከመቶ ሺህ ፍሬ በላይ ይወጣ ጀመር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ አይዛክ አድለር የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ይህን ያህል ብርቅ ስለሆነ በሽታ መጻፉን እንደ ይቅርታ መጠየቂያ አድርጎ ነው የጀመረው። ማሽኑ ሥራውን ጀምሯል፤ ሒሳቡ ግን ገና አልደረሰም።

በእኛ ሀገር ሳንባን የመታው የዚያ ዘመን መዓት ሌላ ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ አዲስ አበባን በሬሳ ሞላት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ይታጠናል። ይህን የማነሣው ጭስ በእኛ ዘንድ ምን ያህል የተከበረ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ወይራ የወተት ዕቃ ያጥናል፣ ዕጣን ቡና ላይ ይጨሳል፣ ወላድ በጭስ ትሞቃለች፣ በሽታ በጭስ ይባረራል። ጭስ መድኃኒት ሆኖ በኖረበት ቤት «ጭስ ያሳምማል» ብሎ መጀመር ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው፤ ስለ ጤና የሚያስተምር ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ማንም ዘመን ወዳልቆጠረለት ጭስ ልምጣ። የጎጃም ማድ ቤት ከዋናው ቤት ገባ ወይም ለየት ብሎ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው ነው። ጣሪያው ሣርም ይሁን ቆርቆሮ ከውስጥ ሲታይ ጥቁር ነው፤ ጥላሸቱ በማገሩ ላይ ተጋግሮ እንደ ቅጥራን ያበራል፣ በክረምት ላብ ሲይዘው ጠብ ይላል። መሐል ላይ ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ምጣድ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሴትዮዋ በርከክ ትልና ጭራሮና ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትማግዳለች። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ይላል፤ ወዲያው ይከስማል። ሲከስም ጭሱ ይወፍራል። ያኔ ፊቷን አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። እፍ ለማለት መጀመሪያ አየር መሳብ ያስፈልጋል፤ የምትስበው ደግሞ ከምድጃው አፍ ላይ ያለውን ነው። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ ታደርጋለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትደፋለች። ሠላሳና አርባ እንጀራ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ሕፃኑ ከጀርባዋ ታዝሏል። አባወራው በረንዳ ላይ ነው፤ ጭሱ እሱን አያገኘውም።

ይህ ጭስ በዕድሜ ከነገሥታቱ ሁሉ ይበልጣል። እናት ለልጇ ከምጣዱ ጋር የምታወርሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 ሴንት ሉዊስ በተባለች የአሜሪካ ከተማ፣ ኤቫርትስ ግሬሃም የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ካንሰር የያዘውን የአንድ ሰው ግራ ሳንባ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሰውየውን አዳነ። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳንባ ካንሰር ላይ ሲሳካ የመጀመሪያው ነበር። ታካሚው ራሱ ሐኪም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ሳንባ ሠላሳ ዓመት ኖረ። ግሬሃም ዝናው በዓለም ናኘ፤ ሲጋራውን ግን አልተወም። «ሲጋራ ካንሰር ያመጣል» የሚሉትን ሲሰማም የናይሎን የሴቶች ካልሲም በዚያው ዘመን እየበዛ ነው፣ ታዲያ እሱ ነው መንስኤው? እያለ ይሞግት ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ዓለምን ያዳረሰ ጦርነት ሁሉ ሲጋራን ከስንቅ ጋር የሚያድል ሆኖ ነበር፤ ሲጋራ የወታደር ወዳጅ ሆኖ ከሀገር ሀገር የተሻገረው በዚያ ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገቡ። በየካቲት ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ የሸሸው በዛሬዋ ፍኖተ ሰላምና በጅጋ በኩል በሚያልፈው መንገድ ነው። አርበኛውና በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዎን ጦር ተከትለውት ሄዱ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጦሩ አለፈ፣ መንገዱ ቀረ። ኋላ የጭነት መኪናው፣ ሻይ ቤቱ፣ አልቤርጎው ሲመጣ ሲጋራም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የገጠሩ ሰው ጭስ ከምድጃ፣ የመንገዱ ዳር ሰው ጭስ ከኪስ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ትምባሆ ማምረትና መሸጥ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ተጠቃለለ። አፄ ዮሐንስ ያወገዙት ቅጠል የግምጃ ቤት ገቢ ሆነ። ኋላ ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት የተባለው የዚሁ ተከታይ ነው፤ የግስላና የኒያላ ፓኮዎች በመላው ሀገር ሱቅ የታወቁት በእሱ ነው። በዱር እንስሳት ስም የተጠሩ፣ ለዓይን የሚያምሩ ፓኮዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ስለ ሲጋራና ስለ ካንሰር የሚያወራ አልነበረም፤ ማንም ደብቆን ሳይሆን በዓለም ላይም ገና እየታወቀ ስለነበር ነው።

ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉት እንግሊዛውያን የለንደን ሆስፒታሎችን ሕሙማን መጠየቅ የጀመሩት በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ የሳንባ ካንሰር በጥቂት አሥርት ዓመታት ብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር። ዶል መጀመሪያ የጠረጠረው ሲጋራን ሳይሆን አዲሱን የመንገድ አስፋልትና የመኪና ጭስ ነበር። 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ከሌላ ሕመምተኞች ጋር አነጻጸሩ። መልሱ እየጠራ ሲመጣ ዶል ጥናቱ ሳያልቅ ማጨሱን ተወ። ውጤቱ በመስከረም 1950 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ተመሳሳይ ጥናት ወጣ፤ ያሳተሙት ኤርንስት ዊንደር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪና ያ የተጠራጠረ ቀዶ ሐኪም፣ ግሬሃም፣ ነበሩ። ተማሪው እሱ ዘንድ ሄዶ ላጥና ቢለው ፈቀደለት፤ ውሸት መሆኑ ይታያል ብሎ። ቁጥሩ ሲመጣ ሐሳቡን ቀይሮ ማጨሱን ተወ። ግን ሃምሳ ዓመት ያህል የገባ ጭስ ነበር። በ1957 ግሬሃም በዚያው በሽታ፣ በሁለቱም ሳንባው ላይ በተሰራጨ ካንሰር ሞተ። አንዱን ሳንባ አውጥቶ ያዳነው ታካሚ ከእሱ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ።

ስለዚህ በሽታ ካነበብኩት ሁሉ የማይረሳኝ ይህ ነው። ሰውየው በሽታውን በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል፤ ቢላዋውም ዕውቀቱም የእሱ ነው፤ ያም ሆኖ አላዳነውም። የቀደመው ጭሱ ነበርና።

የትምባሆ ኩባንያዎችም አልተኙም። በጥር 1954 እ.ኤ.አ. ከአራት መቶ በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጡ፤ ነገሩ አልተረጋገጠም፣ እኛም ምርምሩን እንደግፋለን የሚል ነበር። ጥርጣሬን መዝራት ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት መደበኛ ሥራቸው ሆነ። ጥር 2 ቀን 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም ሲጋራ ለሳንባ ካንሰር መንስኤ መሆኑን በይፋ ዘገበ። ዶልም የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለሃምሳ ዓመት ተከታትሎ በ2004 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን ቁጥር አወጣ፦ ዕድሜ ልኩን የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው በአማካይ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል። በስልሳ ዓመቱ የተወ ሦስቱን፣ በሃምሳ የተወ ስድስቱን፣ በአርባ የተወ ዘጠኙን ዓመት ያስመልሳል፤ በሠላሳ የተወ ግን አሥሩንም ማለት ይቻላል። «ከረፈደ ምን ዋጋ አለው» ለሚል አጫሽ ዘመዴ ከዚህ የተሻለ የምነግረው የለኝም።

በእኛ ሀገር እነዚህ ዓመታት የቲቢ ዓመታት ነበሩ። የቆየ ሳል ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ሲመረመር በብዛት የሚገኘው ቲቢ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የቲቢ ሕክምና ታካሚው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ዓይን ፊት እየዋጠ እንዲጨርስ ተደርጎ መደራጀት ጀመረ፤ ኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲገቡ «ከሁለት ሳምንት የበለጠ ሳል» የሚለው ምልክት እስከ ጎጥ ድረስ ታወቀ። ይህ ሥራ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን አንድ ክፍተት ነበረው፣ ዛሬም አለው፦ አክታው ነፃ ሆኖ ሳሉ ያልተወው ሰው ወዴት ይሂድ?

በዚያው በ1980ዎቹ ምርት የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ፣ በቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ምጣዱን ከዙሪያው የሚከድን ነው። እንጨት እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ እሳቱ ከጋጋሪዋ ፊት ስለሚርቅ ጭሱም ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ነገር ቁም ነገር መሆኑን ያሳየው ምስክር የመጣው ከሩቅ፣ ከቻይናዋ ሹዋንዌይ ነው። እዚያ ሴቶቹ ሲጋራ አያጨሱም፤ ሆኖም በሳንባ ካንሰር ሞት በሀገሪቱ ከታወቁት ሴቶች ሁሉ የሚቀድሙት እነሱ ነበሩ። ምክንያቱ ጭስ መውጫ በሌለው ቤት የሚያነዱት ጭሳም የድንጋይ ከሰል ሆኖ ተገኘ። ምድጃቸው ላይ ጭስ ማውጫ የተተከለላቸው ቤተሰቦች ለዓመታት ክትትል ሲደረግባቸው፣ በሽታው በወንዶቹም በሴቶቹም ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መቀነሱ መታየት የጀመረው ማውጫው ከተሠራ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እንደ መምጣቱ ሁሉ መሄዱም ዘመን ይወስዳል።

እኛ የምናነደው እንጨት፣ ቅጠልና ኩበት ነው እንጂ የድንጋይ ከሰል አይደለም። ልዩነቱን ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው ወገን መድቦታል፤ የእንጨቱን ጭስ ግን «ምናልባትም የሚያመጣ» ከሚባለው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ወገን ነው ያስቀመጠው። ካንሰሩ ይቅርና ይኸው ጭስ ለሕፃናት የሳንባ ምች፣ ለልብ ሕመምና ለማይድን የትንፋሽ ማጠር መንስኤ መሆኑ ግን አያጠራጥርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ገምቷል። ከባሕር ዳር በደቡብ ባለችው በመጫ ገጠርም ተመራማሪዎች በአንድ ወገን የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ፣ በሌላው የቀድሞውን ጉልቻ አድርገው ቤተሰቦችን ተከታትለዋል። የሕፃናቱ የሳንባ ምች ግን በምድጃው ብቻ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይመስለኝም፤ ጭሱ ግማሽ ቢቀንስ የተረፈው ግማሽ አሁንም ብዙ ነው ማለት ነው።

እንጨቱም ራሱ መልኩን ለወጠ። ከቡሬ በእንጅባራ አልፎ በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር እየተከለ ከሰል ማክሰል ዋና መተዳደሪያው ሆኗል። መሬቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ኪስ ሞላ፤ ይህ በረከት ነው። አክሳዩ ግን አፈር ከተጫነበት ክምር አጠገብ ቀን ከሌት የሚጠብቀው፣ ነፋስ ሲቀየር ሙሉ ፊቱን የሚሸፍነው ጭስ አለ። ከሰሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ይወጣል፣ ሳሉ ከእሱ ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ሕክምናው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከመላው ሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። የፍኖተ ሰላም ሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ወረፋ ይጠብቃል። ካንሰር ግን ወረፋ አይጠብቅም። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ አባት፣ አቶ ወንዱ በቀለ፣ ማቲዎስ የተባለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ድርጅቱ ታማሚ ከመርዳት አልፎ ትምባሆን የሚቆጣጠር ሕግ እንዲወጣ ከደከሙት ግንባር ቀደሙ ነው። የአንድ ቤት ሐዘን ለማያውቁት ሰው ሳንባ ጥብቅና ቆመ።

በመስከረም 2004 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ተጀመረ፤ በመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ከተማ ማን በምን ካንሰር እንደታመመ በሥርዓት መቁጠር ተቻለ። ከፊት የቆሙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰሮች ሆነው ተገኙ። በዓለም ላይ ግን ሰው በመግደል ቀዳሚው የሳንባው ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው አዲስ ሲታመም 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ለምን እኛ ዘንድ አነሰ? አንዱ መልስ የመመርመሪያ እጥረት ነው፤ በቲቢ ስም የተቀበረውን ማን ይቆጥረዋል። ሌላው ግን እውነተኛ መልካም ዜና ነው፦ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀም ጎልማሳ ከመቶ 5.0 ብቻ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8። ሀገሪቱ ገና በዚያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ናት፤ ጭሱ ከገባበት ሒሳቡ እስከሚመጣበት ባለው።

ይህን ኩባንያዎቹም ያውቃሉ። በጥር 2006 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አጸደቀ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ2008 መጨረሻ፣ የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ ከብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በታኅሣሥ 2010 ሌላ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ነው። ጎልማሳው ከመቶ አምስት ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት ሀገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ፣ ዓይኑ ያለው ዛሬ በሚያጨሰው ላይ ሳይሆን ነገ በሚጀምረው ልጅ ላይ ነው፤ የኔ ዳኝነት ይህ ነው።

ሕጉ በ2011 ዓ.ም. መጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፣ ማስታወቂያን አገደ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከለከለ፣ ሺሻንና የኤሌክትሪክ ሲጋራን አገደ፤ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈንም አዘዘ። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 30 በመቶና በአንድ ፓኮ 8 ብር ጣለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ጅጋ አውቶቡስ በሚቆምበት ጥግ ሲጋራ የሚሸጠው በፓኮ ሳይሆን በፍሬ ነው። ልጁ አንድ ፍሬ ገዝቶ ከሻጩ ክብሪት ይለኩሳል፤ የተቆረጠውን ሳንባ የሚያሳየው ሥዕል ሻጩ ካርቶን ውስጥ ይቀራል። በቁርጥ የተጣለ ብርም ኑሮ በተወደደ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር የመጣ ወጣት እየሰበሰበ ነው፤ የመጀመሪያ ደመወዝና የመጀመሪያ ሲጋራ ብዙ ጊዜ በአንድ ወር ይመጣሉ፣ የጫት ቤቱም ጭስ ለማያጨሰው ጓደኛ ይተርፋል። እዚያ ሕጉ መለካት ያለበት በአዋጁ ቁጥር ሳይሆን በምግብ አዳራሹ አየር ነው።

እንግዲህ ዛሬ። ወሩ መጋቢት ነው እንበል። ከጅጋ ዳር ካለ ቀበሌ አንድ አዛውንት ይመጣሉ።

«አባባ፣ ይህ ሳል ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከበርበሬ ለቀማ ወዲህ ነው ልጄ። በርበሬው ነው።»

ይህ አካባቢ የበርበሬ ሀገር ነው፤ ሲለቀም፣ ሲሰጣ፣ ሲደለቅ ሁሉም ያስላል። ሳል ምክንያት አያጣም፤ በርበሬው፣ ብርዱ፣ ምቹ። ማርና ነጭ ሽንኩርት ተሞክሯል፣ ዳማከሴ ታሽቷል፣ ጠበልም ተጠጥቷል። አሁን ግን አራት ወር ሆነ፤ ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ድምፃቸው ጎርነን ብሏል፣ ባለፈው ሳምንት አክታቸው ላይ ደም አይተው ለማንም አልተናገሩም። አክታ ይሰጣሉ፤ መጀመሪያ ቲቢን መመርመር ትክክል ነው። ነፃ ሆኖ ከመጣ፣ ወይም መድኃኒቱን ጀምረው በአንድ ሁለት ወር ለውጥ ካላዩ፣ እዚያ ላይ መቆም ነው የሚገድለው። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ራጅ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ሲቲ ስካን፣ ከዚያ በቱቦ ወይም በመርፌ ከዕጢው ናሙና። ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ነው ማለት አይቻልም፤ አይደለም ማለትም እንደዚሁ። ዕጢው ገና ትንሽ ሆኖ ከአንድ ቦታ ካልወጣ፣ እነ ግሬሃም የጀመሩት ቀዶ ሕክምና ዛሬም የመዳን ዋናው በር ነው። ለዚህ ሁሉ ቁልፉ ሰውየው መጀመሪያ «ሳንባ ነቀርሳ» ሲባሉ «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅላቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ማግኘታቸው ነው።

በሀብታም ሀገር ለብዙ ዓመት ያጨሱ ሰዎችን ሳይታመሙ በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን መፈተሽ ሞቱን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ተራ ራጅ ግን እንዲህ ያለ ጥቅም አልተገኘበትም። ለጅጋ ይህ ገና ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው አለመጀመር፣ የጀመረም መተው፣ ማድ ቤቱንም መክፈት ነው፦ በግድግዳው አናት ላይ የጭስ መውጫ መተው፣ ምድጃውን ከመኝታ መለየት፣ በክረምት የሚነደውን እንጨት በበጋ ማድረቅ፣ ሕፃኑን አዝሎ አለመጋገር። መስኮት ለመክፈት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ሥራው የሚያስፈልገው አባወራው አንድ ቀን ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጦ እንጀራው እስኪያልቅ መጠበቁን ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ጎጃምን ከሦስት ወገን ዞሮ የሚያልፈው ዓባይ መብራት ሆኖ ተመለሰ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ቤቶች አሉ፤ ጭስ የለም፣ ጥላሸት የለም፣ ጣሪያው ነጭ ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት ከየማድ ቤቱ ሣር ክዳን ሰማያዊ ጭስ ይተናል። ከውስጥ ምጣዱ ሞቋል። የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቷ ጎን በርከክ ብላ ጭራሮ ታቀብላለች፤ ዓይኗ አልቅሷል፣ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትስላለች። እናትየዋ ቀና ሳትል ማሰሻውን ይዛ በክርኗ ገፋ ታደርጋታለች።

«ወደ በሩ ፈቀቅ በይ እንጂ፣ እናቴ።»